አንድ ልሳን በሁለት ፊደል

የቻይናን ልሳን አጥንቶ ችሎታውን በፈተና ሊያስመሰክር የሚሻ ተማሪ፣ ከሰዋስውም ከንባብም አስቀድሞ፣ በየትኛው ጽሕፈት እንደሚፈተን መለየት ይኖርበታል። የቻይና ሕዝባዊ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ዐዋጅ ብዙዎቹ ሆሄያት እንዲቀሉ ሲደረግ፣ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ግን ጥንታዊውን መልክ ሳይለውጡ ስለ ጠበቁ፣ ዛሬ በጥንታዊው ጽሕፈት 16 ጭረት የሚፈጀው «ዘንዶ» በቀለለው 5፣ 10 ጭረት የሚፈጀው «ፈረስ» 3 ጭረት ብቻ ይበቃዋል። ኤች ኤስ ኬ የተባለው የዋናው ምድር ፈተና ጥያቄዎቹን የሚያትመው በቀለለው ጽሕፈት ነው፤ የታይዋኑ ፈተና ደግሞ ተፈታኙን ከሁለቱ አንዱን ያስመርጠዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኮንፊሽየስ ተቋም ገብተው ቻይንኛ የሚማሩ ወጣቶቻችን የሚለምዱት የቀለለውን ነው።

ይህ የሩቅ ምሥራቅ ጣጣ ነው፣ እኛን አይነካንም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ወደ ወለጋ ወርዶ የነቀምቴን ከተማ ይጎብኝ። በባኬ ጃማም ሆነ በሌላው ሠፈር፣ የአያት መጽሐፍ ቅዱስና የልጅ ልጅ የመማሪያ መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢገኙ፣ የሁለቱም ልሳን ኦሮምኛ ሲሆን፣ ያንደኛው ጽሕፈት የግዕዝ ፊደል፣ የሁለተኛው ግን ቁቤ የሚባለው የላቲን ሆሄ መሆኑ ለአገሬው እንግዳ ነገር አይደለም።

የፊደሉ ታሪክ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ተነጥሎ አይነገርም። እኚህ ሰው በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው ተነጥቀው ለባርነት ከተሸጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥተው በስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን እጅ አደጉ፤ በ1872 ተጠመቁ፤ ወደ ስዊድንም ተልከው ትምህርተ መለኮት አጠኑ። ወደ ትውልድ ምድራቸው ለመመለስ ደጋግመው ቢነሡም መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው፣ የግዞት ያህል በሆነው በእምኩሉ ጣቢያ ተቀምጠው፣ አዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ ተርጕመው በ1893 አሳተሙ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር፣ በባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪስኮና ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። በዚህ ሥራ አስቴር ገኖ የተባሉት፣ እርሳቸውም በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ላይ የተረፉት ሴት፣ ለትርጕሙ መነሻ የሆነውን መዝገበ ቃላት ከማሰናዳታቸው በላይ፣ 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከልባቸው አውጥተው ጽፈዋል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። ስለ ትርጕሙ ሲወሳ የኦኔሲሞስ ስም ከፍ ብሎ ሲነሣ፣ የአስቴር ግን ዝቅ ብሎ መነገሩ ፍርደ ገምድል ይመስለኛል።

ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ ገቡ። ኦኔሲሞስ መጀመሪያ በቦጂ፣ ኋላም በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለት በኩምሳ ሞረዳ ግዛት፣ በነቀምቴ አስተማሩ። ከካህናት ክስ ቀርቦባቸው ስብከታቸው ቢታገድም፣ ሕዝቡ አባ ገመቺስ እያለ የሚጠራቸው እኚህ መምህር፣ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. እዚያው ነቀምቴ ላይ እስካረፉ ድረስ ከፊደላቸው አልተለዩም።

ላቲኑ ግን እንደሚታሰበው የትናንት እንግዳ አይደለም። ዮሐን ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ በሸዋ ሳለ የዮሐንስን ወንጌል ክፍል በኦሮምኛ ተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1839 ያሳተመው በላቲን ሆሄ ነበር፤ የግዕዙ ፊደል ተራ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን መሠረተ ትምህርት በኦሮምኛ ሲሰጥም፣ «በሪሳ» የተባለው ጋዜጣ ሲታተምም፣ ጽሕፈቱ ፊደል ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡ የኦሮሞ ምሁራን ቁቤን በጉባኤ አጸደቁ፤ ወዲያውም የትምህርት ቤቱ፣ የጽሕፈት ቤቱና የጋዜጣው መጻፊያ ሆነ።

ለዚህ ውሳኔ የቀረበው ምክንያት የፖለቲካ ብቻ አልነበረም፤ የልሳኑ ጠባይም ይገባበታል። በኦሮምኛ የድምፅ መላላትና መጥበቅ፣ የአናባቢም ማጠርና መርዘም ትርጕም ይለውጣል። ፊደል ግን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። ስለዚህ «በዳ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ላልቶ ሲነበብ «መጥፎ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ደጋ» ይሆናል፤ በቁቤ ግን አንደኛው በነጠላ፣ ሁለተኛው በድርብ ሆሄ ስለሚጻፍ ዐይን ወዲያው ይለየዋል። አናባቢውም ሲረዝም በድርብ ይጻፋል። ቁቤ 26 የላቲን ሆሄያትንና እየተጣመሩ አንድ ድምፅ የሚሰጡ 5 ጥንዶችን፣ በላያቸውም ሁዻ የሚባለውን የጕሮሮ ምልክት ይዞ ይሠራል።

ቁቤም የራሱ ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ «ኤክስ» ተብላ የተጠራችው ሆሄ በኦሮምኛው ክፍለ ጊዜ «ጠ» ትሆናለች፤ «ሲ» የተባለችውም «ጨ» ሆና ትነበባለች። የነቀምቴ ሕፃን ደወል በተደወለ ቍጥር ያንኑ ሆሄ በሌላ ድምፅ ይጠራል፤ ይህንንም ሳይደናገር መልመዱ፣ ሕፃናት ከእኛ ከጐልማሶች ይልቅ ለፊደል ጦርነት ደንታ እንደሌላቸው ያሳያል።

የወለጋ ነገር ከቻይናው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የቀለለውን ጽሕፈት ብቻ የተማረ ቻይናዊ ጥንታዊ መጽሐፍ ሊያነብ ቢነሣ እንደ አዲስ ሊያጠናቸው የሚገቡ ሆሄያት ብዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ዝርዝር 2,236 የቀለሉ ሆሄያትን ይዟልና። በቁቤ የተማረ የወለጋ ልጅ ግን አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ስለሚማር ፊደሉን ያውቀዋል፤ የሚቀረው አማርኛ የሌለው፣ ለኦሮምኛ ድምፅ የተቀረጸው ዸ ብቻ ነው፤ እርሱም ከነርባታው ዸ፣ ዹ፣ ዺ፣ ዻ፣ ዼ፣ ዽ፣ ዾ እያለ ሰባት መልክ አለው። መጥበቁንና መላላቱን፣ ማጠሩንና መርዘሙንም ልጁ ከእናቱ አፍ ስለ ሰማው፣ አማርኛ አንባቢ «አለ» የሚለውን ቃል ከዐረፍተ ነገሩ አይቶ አላልቶ ወይም አጥብቆ እንደሚያነበው፣ እርሱም «በዳ»ን በቦታዋ ይረዳታል።

እንግዲህ ቁቤ ለዛሬው ትምህርትና ፈተና የሚስማማ ጽሕፈት መሆኑን ሳልጠራጠር፣ የኦኔሲሞስና የአስቴር መጻሕፍት ግን በሙዝየም መስታወት ውስጥ ብቻ እንዲቀመጡ መፍረድ አግባብ አይመስለኝም። የነቀምቴ የቋንቋ መምህራን፣ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ያሉትም ሆኑ በታችኛው ትምህርት ቤት ያሉት፣ ከትምህርት ዘመኑ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ቆርጠው ከ1899ኙ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ፣ ከ1894ቱ ማንበቢያም አንድ ተረት ተማሪዎቻቸውን በፊደል እንዲያስነብቧቸው እለምናለሁ፤ በቤቱ አሮጌ ቅጂ የያዘ ሰውም ለልጆቹ ያንብብላቸው።