ነሑሽታን፦ የእግዚአብሔር ስጦታ ጣዖት ሲሆን

ስለ ጣዖት ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ከእንጨት ወይም ከድንጋይ የተጠረበ ምስልን ነው። «ጌታን ከተቀበልሁ ወዲህ ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብለንም እናልፈዋለን። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እግዚአብሔር ራሱ እንዲሠራ ያዘዘው ነገር እንዴት ጣዖት እንደ ሆነ ይነግረናል።

እስራኤል በምድረ በዳ በእግዚአብሔርና በሙሴ ላይ ባጉረመረሙ ጊዜ እባቦች ነደፏቸው፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። ሕዝቡ ኃጢአታቸውን ተናዘዙ፤ ሙሴም ስለ እነርሱ ጸለየ። እግዚአብሔርም የእባብ ምስል ሠርቶ በምሰሶ ላይ እንዲሰቅል አዘዘው። ሙሴ ከናስ ሠራው፤ የተነደፈ ሁሉ ወደ እርሱ ሲመለከት ዳነ (ዘኁ. 21፥4-9)። ትእዛዙ ከእግዚአብሔር ነበረ፤ ፈውሱም እውነተኛ ነበረ።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አለፉ። ሕዝቅያስ በ25 ዓመቱ በይሁዳ ላይ ሲነግሥ ያ የናስ እባብ ገና አልጠፋም ነበር፤ ሕዝቡም ያጥኑለት ነበር። ንጉሡ ሰባበረው፤ ነሑሽታንም ተባለ (2ኛ ነገ. 18፥4)። ስሙ በዕብራይስጥ «ናስ» እና «እባብ» ከሚሉት ቃላት ጋር ይመሳሰላል። ብዙዎች «ይህ እኮ ናስ ብቻ ነው» እንደ ማለት ይረዱታል።

ዛሬስ የእኛ ነሑሽታን ምንድን ነው? ሽማግሌዎች በሽተኛን ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዕቆብ አዝዟል (ያዕ. 5፥14)። ነገር ግን የዘይቱን ጠርሙስ ትራሳችን ሥር ካላደረግን እንቅልፍ የማይወስደን ከሆነ፣ ማጠን ጀምረናል ማለት ነው። እግዚአብሔር የተጠቀመበትን አገልጋይ ማክበር ተገቢ ነው። እርሱ ሳይጸልይልን እግዚአብሔር አይሰማንም ብለን ካመንን ግን አገልጋዩን በጌታ ቦታ አስቀምጠነዋል።

በጾምና በጸሎት ያገኘነው ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ ወይም ወደ ውጭ የመሄድ ዕድልም እንዲሁ ነው። ሥራ ስንፈልግ ከጸሎት ስብሰባ ቀርተን አናውቅም ነበር። ሥራው ከተገኘ በኋላ ግን ለጸሎት ጊዜ ያጣነው በዚያው ሥራ ምክንያት አይደለምን?

እንግዲህ ራሳችንን በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እንመርምር፦

1. ጭንቀት ሲመጣ መጀመሪያ የምሮጠው ወዴት ነው?
2. ይህን ነገር ላለማጣት ስል የእግዚአብሔርን ቃል እተላለፋለሁን?
3. ነገ ቢወሰድብኝ በእግዚአብሔር ላይ ያለኝ እምነት ይቆማልን?

ይህ ማለት ሥራችንን እንልቀቅ፣ ልጆቻችንን አንውደድ ማለት አይደለም። የሚሰበር ነገር አለ፤ ወደ ቦታው የሚመለስም ነገር አለ። ክታብ የሆነብንን ነገር ከቤታችን እናውጣ። ልጅንና ሥራን ግን ለሰጪው እያመሰገንን በስማቸው እንጥራቸው፦ ልጅ ልጅ ነው፣ ሥራም ሥራ ነው፤ አዳኝ አይደሉም።

ሕዝቅያስ ጣዖቱን በመስበር ብቻ አላበቃም። በእግዚአብሔር ታመነ፣ ከእርሱም ጋር ተጣበቀ (2ኛ ነገ. 18፥5-6)። አንዱን ጣዖት አስወጥቶ ልቡን ባዶ የተወ ሰው ሌላ ጣዖት ማስገባቱ አይቀርም። ለእግዚአብሔር ፈጽሞ መለየት ማለት በየዕለቱ ከእርሱ ጋር መጣበቅ ነው።

ጌታችን ኢየሱስም ያን የናስ እባብ አስታውሶ፣ እርሱ ራሱ እንዲሁ ሊሰቀል እንደሚገባው ለኒቆዲሞስ ነግሮታል (ዮሐ. 3፥14-15)። ናሱ ተሰባብሯል። ለእኛ የተሰቀለው ግን ሞትን ድል አድርጎ ተነሥቷል፤ ዛሬም ሕያው ነው። ዓይናችንን ከስጦታው አንሥተን ወደ እርሱ እንመልከት።