በበግ አገር የሹራብ ክር ፍለጋ

ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ተራ የእጅ ሥራ ሻርፕ ወደ 18,900 ዓይን ይፈጃል። ዓይን የምለው መርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ነው። እጁ የተፍታታ ሰው በደቂቃ 20 ዓይን ቢሠራ፣ ቡና ሳይጠጣና ስልክ ሳይነካ 16 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ጀማሪ ከሆነማ እጥፉን አስቡት። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ምን ያድርግ፣ መርፌ ከማንሳቴ በፊት ያነሳሁት ካልኩሌተር ነበር።

ሹራብ መሥራት የተማርኩት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ነው። እሷ ደግሞ ጎባ ተማሪ እያለች በባልትና ክፍል ነው የተማረችው። ከዚያ ትምህርቱ በዛ፣ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ መርፌዎቹም ተረሱ። ተመርቄ ሮቤ ተመልሼ የሥራ ማስታወቂያ ማሳደድ ስጀምር ግን እጄ ሥራ ፈታ። ብርዱም አለ። ሮቤ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከጎባ ወደ ሰነቴ አምባ ከወጣችሁ 4,000 ሜትር ታልፋላችሁ፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ሜትር ነው። ለባሌ አዲስ የሆነ ሰው ብርዱን ከክረምት ጋር ያገናኘዋል። እኛ ግን እናውቀዋለን፤ ውርጩ የሚመጣው በበጋው፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። ክረምቱ ደግሞ እርጥብ ነው። ይኼ ልዩነት ክር ስንመርጥ ይጠቅመናልና ያዙልኝ።

ስለ ሳቁም ልናገር። ሚኒባስ ውስጥ መርፌ ያወጣሁ ቀን አንዱ ጓደኛዬ «ወንድሜ፣ ጡረታ ወጣህ እንዴ?» አለኝ። ሌላው «የሴት ሥራ» አለ። ይገርማል እኮ፤ በአገራችን ፈትሉን ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ግን በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ጋቢ የለበሰ ሰው ሸማኔው ላይ ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በድሮዋ አውሮፓም የሹራብ ሠሪ ማኅበራት ባለሙያዎች በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ሹራብ «የሴት» የሆነው ገንዘቡ ወደ ማሽን ከሄደ በኋላ ይመስለኛል። የመጀመሪያው የሹራብ ማሽን በእንግሊዝ አገር የተሠራው በ1589 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው፤ በእጅ ሠርቶ ማሽንን በዋጋ ማሸነፍ ካከተመ ቆይቷል።

ወደ ገበያው እንምጣ። ለሻርፑ ሁለት መቶ ግራም ክር ይበቃል። ክሩ 500 ብር ነው እንበል። ለራሳችሁ በሰዓት 40 ብር ብቻ ብትቆጥሩ 16 ሰዓቱ 640 ብር ይሆናል፤ በድምሩ 1,140 ብር። እዚያው ገበያ ላይ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ሻርፕ በምን ያህል እንደሚገኝ ደግሞ ታውቃላችሁ። ስለዚህ «ሹራብ ሠርቼ እሸጣለሁ» ብሎ ሦስት ኪሎ ክር መግዛት፣ በእኔ እምነት፣ ብር መጣል ነው። በእጅ የተሠራ ነገር የሚሸጠው ሰልባጁ ሊሰጠው የማይችለው ነገር ሲኖረው ነው። ወደ ባሌ ስትመጡ ሻሸመኔን ታልፋላችሁ፤ የራስ ተፈሪያኖቹን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ኮፍያ ማንም በሙቀቱ ብቻ አይገዛውም። የገዛው ትርጉሙን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። በባሌ በግ ሞልቷል፤ ታዲያ ሱቅ ስንገባ የምናገኘው ክር ለምን አክሪሊክ፣ ማለትም ከነዳጅ ውጤት የተሠራ ፕላስቲክ ብጤ ይሆናል?

መልሱ የበጉ ፀጉር ላይ ነው። የአርሲ-ባሌ በግ የሚረባው ለሥጋ ነው፤ ፀጉሩ ሻካራ ነው። ከእኛ ይልቅ በሱፍ የሚታወቀው የመንዝ በግ ነው፤ የመንዝ ሰዎች ከሱፉ ባና ይሠራሉ፣ ምንጣፍም ይሠራበታል። እሱም ቢሆን ግን አንገት ላይ ለመጠምጠም ይቆረቁራል። የሱፍ ጭረት ከ30 ማይክሮን በላይ ከወፈረ ቆዳ መውጋት ይጀምራል፤ የሜሪኖ በግ ሱፍ ግን ከ24 ማይክሮን በታች ነው። በደብረ ብርሃን የበግ ማባዣ ኮሪዴልና አዋሲ የተባሉ የውጭ ዝርያዎች መጥተው ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅለዋል፤ ከዓላማዎቹ አንዱም ሱፍ ነበር። ይሁንና ሱፍ በበግ ብቻ አይገኝም። የሚሸልት፣ የሚያጥብ፣ የሚያበጥር፣ በብዛት የሚፈትል ያስፈልገዋል። እንደኛው ደጋ የሆነችው ሌሶቶ ሜሪኖ በግና የአንጎራ ፍየል ታረባለች፤ ሱፉንና ሞሄሩን ግን አብዛኛውን ሳይፈተል ጥሬውን ነው የምትሸጠው። በጉ ስላለ ብቻ ክር የለም። ቡና ስላለ ብቻ ካፌ እንደሌለው ማለት ነው።

እንግዲህ ያለው አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ መጥፎ ነው አልልም። ይረክሳል፣ ቀለሙ ብዙ ነው፣ ቢታጠብ አይሸበሸብም። ችግሩ እሳት ነው፤ ሲቃጠል ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ምድጃና ከሰል አጠገብ ለምትውል እናት የአክሪሊክ ሻርፕ ስጦታ አልሰጥም። ጥጥ ደግሞ ለቆዳ ምቹ ቢሆንም በክረምቱ እርጥበት ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል። ሱፍ ጥቂት ቢርስም ያሞቃል። ለእኛ አየር ሱፍ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሱቅ ላይ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ከተባላችሁ አንድ ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱና ቤት ሄዳችሁ ሞክሩ። ውኃ ያለበት ሳህን ላይ ሆናችሁ በወረንጦ ይዛችሁ አቃጥሉት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ዶቃ ይሆናል።

ሱፉን ከየት እናምጣ ታዲያ? ከሰልባጁ! በዋጋ የማናሸንፈው ተፎካካሪ ጥሬ ዕቃችን ሊሆን ይችላል። ከክምሩ ውስጥ ያረጀ፣ ክርኑ የተቀደደ፣ ሻጩ ራሱ ተስፋ የቆረጠበት የሱፍ ሹራብ አለ። አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ ያለውን መለያ እዩ፤ «ዉል»፣ «ሜሪኖ» ወይም በጣሊያንኛ «ላና» የሚል ፈልጉ፤ መቶኛውንም አንብቡ። ከዚያ ገልብጡትና የጎኑን ስፌት መርምሩ። ይኼ ወሳኝ ነው። ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ በኦቨርሎክ የተሰፋ ከሆነ ተዉት፤ ስትተረትሩት በየረድፉ የተቆራረጠ ክር ነው የምታገኙት። ጠርዙ ያልተቆረጠ፣ ሁለቱ ገጾች በክር ብቻ የተያያዙ ከሆነ ግን ክሩ ሳይበጠስ ይወጣል። በሙቅ ውኃ ታጥቦ እንደ ምንጣፍ የተጣበቀ ሱፍም አይተረተርም፤ ዓይኖቹ ለየብቻ ካልታዩ አትግዙት።

ቤት ስትደርሱ ስፌቱን ፍቱ፤ እጅጌውን፣ ደረቱን፣ ጀርባውን ለየብቻ አድርጉና ከላይ ጀምራችሁ ተርትሩ። ክሩን በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሙት፣ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉትና ጥላ ላይ ስቀሉት። ሲሰቀል ከታች ቀለል ያለ ነገር ይንጠልጠልበት፤ የተጨማደደው ይቃናል። ሲደርቅ እንደ ልቃቂት ይጠቀለላል። አንድ የአዋቂ ሹራብ ወፈር ካለ እስከ 400 ግራም ክር ሊወጣው ይችላል። እናቴ ይኼን ስታይ «የሰው ልፋት ታፈርሳለህ» አለችኝ፤ በማግስቱ ግን ወንበሩን የያዘችልኝ እሷው ናት።

አዲስ ክር የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር ብቻ። መካከለኛ ውፍረት ያለውና ለስላሳ ይሁን፤ ፀጉራም የሆነው ዓይኑን ይደብቃል። ቀለሙ ደመቅ ወይም ነጣ ይበል፤ ጥቁር ክር በመብራትም አይታይ፣ መብራት በጠፋ ማታማ ተዉት። የሚያስፈልጋችሁን ያህል ደግሞ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ መለያው ላይ የቀለሙ ሎት ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ከተለያየ «አንድ ዓይነት ሰማያዊ» ያላችሁት ሁለት ሰማያዊ ሆኖ ያርፋል።

መርፌው ላይ ብዙ አልቆይም። ለመካከለኛ ክር ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ እርሳስ 7፣ የክብሪት እንጨት ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የምትፈልጉት መሃሉን ነው። የብስክሌት ራጅ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ ግን 2 ሚሊ ሜትር ነውና ለጀማሪ በጣም ይቀጥናል። እኔ ቀርከሃ እመርጣለሁ። ብረት ያዳልጣል፣ ዓይኖቹም ከጫፉ ይወርዳሉ፤ ቀርከሃ ግን ክሩን ያዝ ያደርገዋል። ከተገኘ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፦ መሰንጠቅ፣ ማሾል፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በመጨረሻ ሻማ ቀብቶ በጨርቅ ማሸት።

ሥራው ራሱ ሁለት ዓይነት ዓይን ብቻ ነው ያለው። አንደኛው ክሩ ከሥራው ኋላ ሆኖ የሚሠራው ነው፤ ቀጥታ ልበለው። ሁለተኛው ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራው፣ ግልባጩ ነው። ቪዲዮዎቹና የእንግሊዝኛ ንድፎቹ የመጀመሪያውን በ«ኬ»፣ ሁለተኛውን በ«ፒ» ፊደል ያሳጥሩታል፤ «ኬ2 ፒ2» ማለት ሁለት ቀጥታ፣ ሁለት ግልባጭ ማለት ነው። ይቺን ካወቃችሁ ቀላል ንድፍ ይነበባል። ቪዲዮውን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱትና ቤት ሆናችሁ አዝግማችሁ እዩት፤ ዳታ አትጨርሱ።

መጀመሪያ 20 ዓይን ብቻ ጥላችሁ ሁሉንም ረድፍ በቀጥታ ሥሩ፣ አራት ማዕዘን እስኪሆን። የድስት መያዣ አድርጉት (የሱፍ ከሆነ ማለቴ ነው፤ አክሪሊኩን ወደ ድስት አታስጠጉ)። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሚመክረው ሻርፕ ነው። እኔ አልመክርም። 18,900 ዓይን! ሰው ግማሽ ላይ ይሰለቸዋል፣ መርፌው ላይ እንደተሰካ አልጋ ሥር ይገባል። እኔ የምመክረው የሕፃን ኮፍያ ነው። 2,500 ዓይን ገደማ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ያልቃል። ያለቀ ሥራ ደግሞ ሁለተኛውን ያስጀምራል።

ፈላጊም አለው። በባሌ ብርድ አራስ ቤት ያለባዶ እጅ መግቢያ ይኼ ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት እናታቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ሲታቀፉም ኮፍያ ይደረግላቸዋል፤ ትንሽ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ለሰውነቱ ትልቅ ነው። ልክ የሆነ ትንሽዬ ኮፍያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ፈልጋችሁ ብታዩ ያኔ የምለው ይገባችኋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 62 ዓይን ጣሉ። አንዱን ረድፍ ሁለት ቀጥታ፣ ሁለት ግልባጭ እያላችሁ ሂዱና በሁለት ቀጥታ ጨርሱ። ሲመለስ በሁለት ግልባጭ ጀምራችሁ ሁለት ቀጥታ፣ ሁለት ግልባጭ እያላችሁ በሁለት ግልባጭ ትጨርሳላችሁ። ሥራው እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ይሆናል፤ ጊዜው ደርሶ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት ዙሪያ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይበቃዋል፣ እያደገም ለጥቂት ጊዜ ይጠቅመዋል። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሁለት ሁለት ዓይን እያጣመራችሁ በቀጥታ ሥሩ፤ 31 ይቀራል። ቀጣዩን ረድፍ በግልባጭ። እንደገና አጣምሩ፤ 16 ይቀራል። ክሩን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ በስፌት መርፌ በ16ቱም ዓይን ውስጥ አሳልፉና ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። በዚያው ክር ጎኑን ከላይ እስከ ታች ስፉት። ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የክር ኳስ አትጨምሩበት፤ ሕፃን አፉ ውስጥ ይከተዋል። ሲያልቅ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና እጠቡት፤ ሱፍ ከሆነ አትሹት፣ አትጠምዝዙትም፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨመቅ አድርጉና ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።