ጨረቃን ለልጆቻችን እናቅርብ

ቦንጋ ከተማ መብራት በጠፋበት ጥርት ያለ ምሽት ሰማዩን አስተውለው ያውቃሉ? ልጅዎ «እዚያ ላይ ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቅዎት ምን ይመልሱለታል?

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሥፍራ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ይሁንና የካፋ ተማሪ ሁሉ እዚያ ሊደርስ አይችልም። ጋሊሊዮ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው 20 ጊዜ ያህል በሚያጎላ፣ ራሱ በሠራው መሣሪያ ነበር።

እኛስ? ባለ +1 የንባብ መነጽር ሌንስ ያግኙ፤ ብርሃንን 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሰበስባል። ለዓይን በኩል ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚሰበስብ ትንሽ ማጉያ ሌንስ ያዘጋጁ። 100 ለ5 ሲካፈል 20 ነው፤ ያን ያህል ጊዜ ያጎላል። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሁለት የካርቶን ቱቦ ጠቅልለው ውስጣቸውን ጥቁር ይቀቡ። በሌንሶቹ መካከል 105 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑር፤ ምስሉ እስኪጠራ ቱቦውን ያንሸራትቱ። በፊተኛው ሌንስ ላይ የ2 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወረቀት ቢለጥፉ ይበልጥ ይጠራል። በእጅ ሲያዝ ስለሚንቀጠቀጥ አጥር ላይ ያስደግፉት። ምስሉ ተገልብጦ ቢታይ አይደንግጡ፤ ጠባዩ ነው።

አደራ! በዚህ መሣሪያ ፀሐይን ማየት ዓይንን ያሳውራል። ስለዚህ በሌሊት ብቻ፣ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ይጠቀሙበት።

ግማሽ ጨረቃ በምትወጣበት ምሽት ይጀምሩ፤ ጉድጓዶቿ ጥላ ጥለው በግልጽ ይታያሉ። «እኔ በሠራሁት አየሁ!» ያለ ልጅ ነገ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።