መጥፎነቱን በስሙ ያወጀ ኦርኬስትራ

በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ «እጅግ በጣም መጥፎው ኦርኬስትራ» ተብሎ የሚጠራ የሙዚቃ ቡድን አለ። ስሙን ያወጣለት ተቺ ወይም ተቀናቃኝ አይደለም፤ መሥራቾቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የከተማው ነጋዴ ፒተር ስቲቨንሰንና በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሕግ ያስተምሩ የነበሩት አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ሲያቋቁሙት፣ ያሰቡት አንድ ዘመን ላይ መሣሪያ ነካ ነካ አድርገው የተዉትን፣ መጫወት እየፈለጉ ያፈሩትን፣ «እኔማ አይሆንልኝም» ብለው ቫዮሊናቸውን ቁም ሣጥን ላይ የሰቀሉትን ሰዎች ነበር። ወሬው እንደተሰማ ልግባ የሚለው በዛ። የመግቢያ ፈተና የለም፤ መሣሪያውን ይዞ የመጣ ይቀመጣል።

ማኮል ስሚዝ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቁት በልቦለዶቻቸው ነው። የተወለዱት በ1948 በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ቡላዋዮ ከተማ ነው። ፕሬሸስ ራሞትስዌ የተባለችውን ቦትስዋናዊት መርማሪ ያስተዋወቁበት የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው ደግሞ በ1998፣ ኦርኬስትራው ከተቋቋመ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ይህን የዘመን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኦርኬስትራው አንድ ስመ ጥር ደራሲ በዝናው ያቆመው ነገር አይደለም፤ ዝና ገና ያልጎበኛቸው መምህርና ባልንጀሮቻቸው ለመጫወት ካላቸው ጉጉት ብቻ የጀመሩት ነው።

እሳቸው የሚጫወቱት ባሱን ነው። ባሱን ከእንጨት የሚሠራ ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን ቱቦው ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚሆን ታጥፎ ይሠራል። ድምፁ የሚፈጠረው በከንፈር መካከል በሚያዙ ሁለት ስስ የሸምበቆ ቅጠሎች መርገብገብ ነው። በሌሎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላይ የአውራ ጣት ሥራ መሣሪያውን መደገፍ፣ ቢበዛም አንድ ሁለት ቁልፍ መንካት ነው። የባሱን ተጫዋች ግራ አውራ ጣት ግን ብቻዋን ስምንት ዘጠኝ ቁልፍ ታስተዳድራለች። ስለዚህ ማኮል ስሚዝ ሲ ሻርፕ የምትባለዋን ኖታ በወጉ እንዳልቻሏት፣ ከላይኛዋ ዲ በላይ ሲኬድም እንደሚደክሙ በግልጽ ሲናገሩ፣ ባሱንን የሚያውቅ ሰው አይገረምም። እነዚያ ኖታዎች ሲመጡባቸው ይተዋቸውና ከተከታዩ ይነሣሉ። ብቻውን የሚጫወት ሰው እንዲህ ቢያደርግ ክፍተቱ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። በብዙ ሰው መካከል ግን ዜማው ሳይቆም ይሄዳል፤ የቀረውን ሌላው ይሞላዋል።

ከክላርኔት ተጫዋቾቹ አንዱ ደግሞ ከመካከለኛዋ ቢ ፍላት በላይ መውጣት አይችልም ነበር። ይህ ክላርኔት የያዘ ጀማሪ ሁሉ የሚደርስበት ገደል ነው። ያቺን ቢ ፍላት ለመጫወት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክፍት ሆነው አብዛኞቹ ጣቶች በአየር ላይ ይቆያሉ። ከእርሷ ቀጥላ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የምትለው ኖታ ግን ቀዳዳዎቹን ከላይ እስከ ታች መድፈን ትጠይቃለች። ቢያንስ ስምንት ጣቶች በአንዴ ቦታቸውን መያዝ አለባቸው፤ አንዷ ለአፍታ ብትዘገይ ወይም ጠርዝ ላይ ብታርፍ መሣሪያው ሲጥ ይላል። ብዙ ልጆች ክላርኔትን የሚተዉት እዚህች ቦታ ላይ ነው። ይህ ሰው ከገደሉ ወዲህ ባሉት ኖታዎች ብቻ እየተጫወተ ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጠ።

ጆሮው የደከመ አንድ የቼሎ ተጫዋችም ነበራቸው። የአውታሮቹ ቅኝት ስለሚምታታበት ስማቸውን በመሣሪያው ድልድይ ላይ በእርሳስ ጽፎ ነበር። ቼሎና ቫዮሊን በዚህ በኩል እንደ ማሲንቆ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ የጣትን ማረፊያ የሚያሳይ ምልክት የለም። ትክክለኛዋን ቦታ የሚያገኘው ጆሮ ነው፤ ጣት የሚታዘዘው ለጆሮ ነው። ያ ጆሮ ሲከዳ ምን ያህል ትግል እንደሚሆን መገመት ይቻላል። የእርሳሱ ጽሑፍም ብዙ አልረዳውም። ሆኖም ቼሎውን ተሸክሞ መጣ። ከዚህ ኦርኬስትራ ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚነካው እርሱ ነው። ሙዚቃን የሚወድ ሰው ለሙዚቃ መክፈል ያለበትን ሁሉ ከፍሏል ብዬ አምናለሁ፤ መቀመጫውም ይገባዋል።

ለመሆኑ እንዲህ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው ዜማ ሊወጣቸው የሚችለው እንዴት ነው? መልሱ ያለው በኦርኬስትራ አሠራር ውስጥ ነው። አሥር ቫዮሊኖች አንድ መስመር አብረው ሲጫወቱ በመካከላቸው ያለው ጥቃቅን የድምፅ ልዩነት እንደ ጉድለት አይሰማም። እንዲያውም የብዙ ቫዮሊን ድምፅ ወፍሮና ሞቆ የሚሰማው ሁሉም ፍጹም አንድ ስላልሆኑ ነው። ጆሮ መሐሉን ይዞ ይሄዳል። የጠፋበት ተጫዋች ደጋኑን ከአውታሩ ያነሣል፣ ጎረቤቱን ያያል፣ ቦታውን ሲያገኝ ይመለሳል። በትንፋሽ መሣሪያዎች በኩል እንዲህ ያለ መጠጊያ የለም። ለአንደኛው ክላርኔት የተጻፈው ለሁለተኛው አልተጻፈም፤ እያንዳንዱ ለራሱ መስመር ብቻውን ኃላፊ ነው።

ከመጫወት የበለጠ አማተርን የሚያስጨንቀው ደግሞ ዝም ማለት ነው። የትራምፔት ተጫዋች አርባና ስልሳ የምት ክፍል (ባር) እየቆጠረ ተቀምጦ፣ ልክ በጊዜው መግባት አለበት። ሐሳቡ ለአንድ አፍታ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ሥራው ከሄደ ቁጥሩ ጠፋ። ቀድሞ መግባት ያሳፍራል፤ መዘግየት ደግሞ ከናካቴው ያስቀራል። የፍጥነትም ችግር አለ። ቀላሉ ቦታ ላይ ሁሉም ይሮጣል፣ ከባዱ ቦታ ላይ ሁሉም ይጎተታል። ይህን ሁሉ የሚያስታርቀው መሪው ነው፤ ስለዚህ ኤዲንብራዎቹ ገና ከመነሻው ባለሙያ መሪ ቀጠሩ። ሪቻርድ ኔቪል ታውል የተባሉት መሪያቸው በዚያው ከተማ ሉዱስ ባሮክ የተባለ የተዋጣለት ቡድን ያላቸው ሙዚቀኛ ናቸው። የጎበዞች መሪ ከሚያስፈልገው ችሎታ ሌላ የዚህ ዓይነቱ መሪ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልገዋል፤ ተጫዋቾቹ ሲለያዩበት የትኛውን ወገን መከተል እንዳለበት በቅጽበት መወሰን። የሚገርም ሙያ ነው፤ ከታዳሚው ወገን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

መጀመሪያ ሕዝብ ፊት ሲቀርቡ የመግቢያ ዋጋ አልጠየቁም። ኮንሰርቱ ሳይጀመር ለታዳሚው ወይን ቀዱለት። አዳራሹ ሞላ፤ የመጣውም ዘመድ ወዳጅ ብቻ አልነበረም። በኋላም በነሐሴ ወር በሚካሄደው የኤዲንብራ ፍሪንጅ ፌስቲቫል ላይ በየዓመቱ እየቀረቡ ብዙ መቶ ሰው ይታደማቸው ጀመር። በ2007 ለንደን ሄደው በካዶገን አዳራሽ ተጫወቱ፤ ይህ ታላቁ የሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ያኔ መቀመጫ ያደረገው አዳራሽ ነው። ኤፕሪል 1 ቀን 2009 ደግሞ ኒውዮርክ፣ ታውን ሆል መድረክ ላይ ወጡ። ቀኑ በምዕራባውያን ዘንድ የቀልድ ቀን ነው፤ ኮንሰርቱ ግን እውነተኛ ነበር።

የኤዲንብራዎቹ ቀዳሚ አላቸው። በደቡብ እንግሊዝ በፖርትስመዝ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው የሙዚቃ ደራሲ ጋቪን ብራየርስ በ1970 ከተማሪዎቹ ጋር ፖርትስመዝ ሲንፎኒያን አቋቋመ። ሙዚቃ ጨርሶ የማያውቅ ሰው መግባት ይችል ነበር፤ ሙዚቀኛ ከሆነ ደግሞ የማያውቀውን መሣሪያ ይዞ መምጣት ነበረበት። በኋላ በሙዚቃ ፕሮዲዩሰርነቱ እጅግ የታወቀው ብራያን ኢኖ ክላርኔት ይዞ ከመካከላቸው ተቀምጧል። የሚመርጡት ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነበር፤ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ፣ የሮሲኒን የዊሊያም ቴል መግቢያ፣ የሽትራውስን የዳኑብ ቫልስ። ምክንያቱም አድማጩ ዜማውን በልቡ ስለሚያውቀው፣ ተጫዋቾቹ የጎደሉትን እርሱ ራሱ እየሞላ ይከተላል። ሜይ 28 ቀን 1974 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ በሺዎች ፊት ተጫወቱ። የቻይኮቭስኪን የፒያኖ ኮንቸርቶ ሲያቀርቡ ቢ ፍላት ማይነር ስለከበደ፣ ጥቁር ቁልፍ ወደማይበዛበት ወደ ኤ ማይነር አውርደውት ነበር።

የሲንፎኒያው ደንብ ሁለት ነገር ያዝ ነበር፤ ከልምምድ አለመቅረትና የተቻለውን ሁሉ አድርጎ በትክክል ለመጫወት መጣር። ሆን ብሎ ማበላሸት ክልክል ነበር። ይህ ሁለተኛው ደንብ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ነው። ለማሳቅ ብሎ የሚሳሳት ሰው የሚያስቀው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ አድማጭን ያሰለቻል። ከልቡ የሚጥር ሰው ሲሳሳት ግን አዳራሹ አብሮት ይሳሳታል፣ አብሮት ይስቃል፣ ከባዷን ቦታ ሲያልፋት ደግሞ አብሮት እፎይ ይላል። በጎበዞች ኮንሰርት ላይ ታዳሚው የሚጨነቅበት ነገር የለም። እዚህ ግን እያንዳንዷ የሆርን ኖታ ትወጣ ይሆን ትቀር ይሆን ተብላ ትጠበቃለች፤ ስትወጣም የሁሉም ድል ናት።

ማኮል ስሚዝ ይህን እምነታቸውን ወደ አፍሪካም ይዘውት ሄደዋል። በ2008 ከቦትስዋና ዋና ከተማ ከጋቦሮኔ ወጣ ብሎ አንድ አሮጌ ጋራዥ ወደ ትንሽ ኦፔራ ቤት እንዲለወጥ ረዱ፤ በዓመቱም ቃሉን እሳቸው የጻፉት፣ ሙዚቃውን ቶም ከኒንግሃም የደረሰው፣ በኦካቫንጎ ረግረግ ስለሚኖሩ ዝንጀሮዎች የሚተርክ ኦፔራ በአገሬው ዘፋኞች ታየበት።

በመጥፎነቱ የማይጠራ፣ ግን በተመሳሳይ መንፈስ የቆመ ሌላ ኦርኬስትራም አለ። በምሥራቅ ለንደን በ1983 ልጆቻቸውን ወደ ሙዚቃ ትምህርት የሚያመላልሱ ወላጆች፣ ደጅ ላይ ቆሞ ከመጠበቅ እኛስ ለምን አንማርም ብለው ዘግይተው ለጀመሩ ሰዎች ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በ2007 ይህንኑ አርአያ አድርጎ በኒውዮርክ ተመሳሳዩ ተመሠረተ፤ እርሱም ያለ ፈተና ይቀበላል። ሁለቱም በአውታር መሣሪያዎች ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ከላይ ያልነውን ያስታወሰ ሰው ለምን እንደሚመች ይገባዋል። ትናንት ደጋን የያዘ ጀማሪ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ከአራት ኖታ አንዷን ብቻ ቢጫወት ማንንም አያውክም፤ በሚቀጥለው ወር ሁለቷን ይጫወታል። የቀድሞው የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ፣ በወቅቱ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አሪ ጎልድማን ለዓመታት ትቶት የነበረውን ቼሎ ያነሣው ስልሳኛ የልደት በዓሉ ላይ በወዳጆቹ ፊት ለመጫወት ቆርጦ ነበር። መጀመሪያ የተቀመጠው በልጁ የተማሪዎች ኦርኬስትራ ውስጥ፣ በሕፃናት መካከል ነው። ቀጥሎ ወደ ኒውዮርኩ የዘግይቶ ጀማሪዎች ቡድን ተሻገረ፤ ታሪኩንም በ2014 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው።