እውነት ወይስ ተረት? የ1980ዎቹ የሱፐርሂሮ ኮሚኮች እንደገና ሲገለጡ

የ1980ዎቹን የአሜሪካ ሱፐርሂሮ ኮሚኮች ገልጦ ካነበበው ይልቅ በወሬ የሚያውቃቸው ይበዛል። ወሬው አጭር ነው፤ ጀግኖቹ በሙሉ ጨለምተኛ ሆኑ፣ ልጆች የሚያነቡት ነገር ለአዋቂ ተላለፈ፣ እትሞቹን ያስቀመጠ ደግሞ ዛሬ ሀብታም ነው። ወሬውን ያቆዩልን ግን እስከ ዛሬ እየታተሙ ያሉ ሁለት ሦስት ሥራዎች ናቸው። በየወሩ ወጥተው የተረሱት በመቶ የሚቆጠሩ መጽሔቶች ሌላ ይናገራሉ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሱፐርማን ኢትዮጵያ ደርሶ አያውቅም»

ተረት። በ1986 ዲሲ ኩባንያ ሱፐርማንን፣ ባትማንንና የሱፐርማንን ደመኛ ሌክስ ሉተርን በአንድ መጽሔት ሰብስቦ በረሃብ ወደተመታችው ኢትዮጵያ ልኳቸዋል። መጽሔቱ «ሂሮስ አጌንስት ሀንገር» ይባላል፤ ገቢውም በአፍሪካ ለተራቡት እርዳታ የዋለ ነው። ማርቬል በበኩሉ ከአንድ ዓመት በፊት ኤክስ-ሜንን ይዞ «ሂሮስ ፎር ሆፕ» የተባለውን አውጥቶ ነበር። የሁለቱም ጠንሳሾች ጂም ስታርሊንና በርኒ ራይትሰን ናቸው። አሠራሩ የደቦ ነበር፤ አንዱ ጥቂት ገጽ ይጽፋል፣ ሌላው ይቀጥላል። በማርቬሉ ላይ ስቲቨን ኪንግ፣ ጆርጅ አር. አር. ማርቲንና አለን ሙር ሳይቀሩ እጃቸውን አስገብተዋል።

ዘመኑን ለሚያስታውስ ይህ አይገርምም። በጥቅምት 1984 ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስደንግጦ፣ ሙዚቀኞች ዘፈን አውጥተው፣ በሐምሌ 1985 የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሂዶ ነበር። የኮሚክ ሰዎችም ዝም ብሎ ማየት አላስቻላቸውም። ችግሩ ሱፐርማን የለመደው ጠላት ቡጢ የሚያርፍበት መሆኑ ነው። ረሃብን የት ይመታዋል? የተራቆተውን መሬት በለም አፈር ላልብሰው ይላል፤ አይሆንለትም። ሱፐርሂሮ ደግሞ ያለ ባላንጣ ታሪክ ስለማይኖረው ደራሲዎቹ ከሌላ ዓለም የመጣ ክፉ ፍጡር አስገቡ። ኤክስ-ሜንም የሚገጥሙት በሰው ተስፋ መቁረጥ የሚመገብ አካል ነው።

የ1977 ዓ.ም. ነገር በቤተሰቡ የደረሰበት አንባቢ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆም ማለቱ አይቀርም። ያን እልቂት ያመጣው ከሰማይ የወረደ ፍጡር አልነበረም፤ የዝናብ መጥፋት ብቻም አልነበረም። በሰሜን ጦርነት ነበር። ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በድግስና በሰልፍ ሲያከብር የወሎና የትግራይ ሕዝብ በየመጠለያው ይረግፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የሰፈራ ዘመቻም የራሱን ሕይወት ቀጥፏል። ካባ የለበሰ ጀግና በዚህ መሐል ምን ያድርግ? ሁለቱን መጽሔቶች እንደ ሥነ ጽሑፍ ብመዝናቸው ደካማ ናቸው፤ ብዙ እጅ የገባበት ወጥ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ግን አንድ ነገር አከብርላቸዋለሁ፤ ባላንጣው ቢሸነፍም ረሃቡ አይሸነፍም። የመጨረሻው ገጽ የድል ገጽ አይደለም፤ ይህም በዚያ ዘመን ሱፐርሂሮ ዘንድ ብርቅ ነው።

የማርቬሉ ገቢ በመጨረሻ የኩዌከሮች ለሆነው ለአሜሪካን ፍሬንድስ ሰርቪስ ኮሚቴ ሄደ። የወቅቱ የማርቬል ዋና አርታኢ ጂም ሹተር እንደሚተርከው፣ መጀመሪያ የተጠየቀው ኦክስፋም አሜሪካ ነበር፤ ከኮሚክ ጋር ስሜ አይነሳ ብሎ እምቢ አለ። ኮሚክ በ1985 ምን ያህል እንደሚናቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አልፈልግም።

«በ1986 ኮሚኩ ሁሉ ጨለምተኛ ሆነ»

ግማሽ እውነት፤ ግማሹም ቢሆን የተጋነነ ነው። በ1986 ፍራንክ ሚለር ያረጀና የመረረው ባትማንን «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ» በተባሉ አራት እትሞች አወጣ። በዚያው ዓመት አለን ሙርና ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ አሥራ ሁለት እትም ያለውን «ዋችመን» ጀመሩ። ሁለቱም ታላቅ ናቸው፤ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በዚያው 1986 የማርቬሉ ቶር፣ የነጎድጓድ አምላክ የተባለው ባለ መዶሻ፣ በዋልት ሳይመንሰን ብዕር ወደ እንቁራሪትነት ተለውጦ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ከአይጦች ጋር ይዋጋ ነበር። ጆን በርን ሱፐርማንን ከአዲስ ጀመረው፤ ፈገግታው ሳይጠፋ። በዓመቱ የኪት ጊፈንና የጄ. ኤም. ዲማቲስ «ጀስቲስ ሊግ» መጣ፤ ጀግኖቹ ዓለምን ከማዳን ይልቅ እርስ በርስ ሲነታረኩ የሚያስቅ ቀልድ ነው፤ አንባቢም ወደደው።

በሽያጭ ካየነው ደግሞ ዘመኑ የኤክስ-ሜን ነበር፤ ማለትም የፍቅር፣ የቅናትና የቤተሰብ ድራማ በየወሩ። በ1984 የጀመረው «ሲክረት ዎርስ» ገበያውን ሲያጥለቀልቅ መነሻው ጥበብ አልነበረም፤ ማቴል የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ከማርቬል ጀግኖች ጋር የሚሄድ ታሪክ ስለፈለገ ነው። የስፓይደርማን ጥቁር ልብስ የመጣበት ምሥጢር የሚገኘውም እዚያ አሻንጉሊት ለመሸጥ በተጻፈው ታሪክ ውስጥ ነው።

ከባድ ጉዳይም በ1986 አልተጀመረም። የግሪን አሮው ረዳት ሄሮይን ሲወጋ የታየው በ1971 ነው። የስፓይደርማን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ የሞተችው በ1973፣ አይረን ማን የመጠጥ ባሪያ የሆነው በ1979። ከ«ዋችመን» በኋላ የመጡት ብዙዎቹ የቀዱት ደሙንና ብስጭቱን ነው እንጂ አወቃቀሩን አይደለም፤ ሙር ራሱ በዚህ ማዘኑን ደጋግሞ ተናግሯል።

«ሳንሱር ስለላላ ነው ኮሚክ ለአዋቂ የሆነው»

ይህ ተረት ከሁሉ የበለጠ ያስቸግረኛል፤ የዘመኑን እውነተኛ ለውጥ ይደብቃልና። ሳንሱር የሚባለው ኮሚክስ ኮድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም። በ1954 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል ወይ ብሎ ሲመረምር የፈሩ አሳታሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ነው። ሥልጣኑን ያገኘው ከሕግ ሳይሆን ከአከፋፋዮች ነው፤ ሽፋኑ ላይ ማኅተሙ የሌለበትን መጽሔት አከፋፋይ ስለማይነካው ነው። መጽሔቱ የሚሸጠውም በጋዜጣ መሸጫ፣ በመድኃኒት ቤትና በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ነበር። ያልተሸጠ ይመለሳል፤ አሳታሚውም ማትረፉን ወይም መክሰሩን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊል ሱሊንግ የተባለ ኒው ዮርካዊ መምህርና ነጋዴ ለአሳታሚዎቹ ቀላል ሐሳብ አቀረበ። ኮሚክ ብቻ ለሚሸጡ ሱቆች በቅናሽ ስጡኝ፤ ያልተሸጠውን አልመልስም። ሱቆቹ ቀድመው ያዛሉ፣ አሳታሚው በታዘዘው ልክ ያትማል፣ ኪሳራው ወደ ባለ ሱቁ ይዞራል። በ1981 ማርቬል «ዳዝለር» ቁጥር 1ን ለእነዚህ ሱቆች ብቻ አወጣ፤ ከ400,000 በላይ ቅጂ ሄደለት። መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው።

የኮሚክ ሱቅ ባለቤት ማኅተም ይኑር አይኑር ግድ አልነበረውም። ደንበኛው በየሳምንቱ የሚመጣ፣ ዕድሜው ከፍ ያለ፣ ኪሱም የሚችል ሰው ነበር። አለን ሙር የሚጽፈው «ስዋምፕ ቲንግ» በ1984 ቁጥር 29ን ያለ ማኅተም ሲያወጣ ሰማይ አልተደፋም። «ዳርክ ናይት» አንዱ እትም 2 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ተራው ኮሚክ ገና ከ1 ዶላር በታች ነበር። ስለዚህ ኮሚኩን ወደ አዋቂ ያሸጋገረው ከሁሉ በላይ የንግድ ውል ነው፤ ዋጋውንም የከፈሉት ልጆች ናቸው። በእናቱ ቅርጫት ላይ በሳንቲም ኮሚክ ጣል የሚያደርገው ሕፃን የሚያገኝበት ቦታ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄደ። ኢንዱስትሪው ያን ሕፃን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላስመለሰውም።

«አንባቢዎች ሮቢንን በአንድ ድምፅ ገደሉት»

ተረት። በ1988 ዲሲ ሁለት የስልክ ቁጥሮች አወጣ፤ በአንዱ ሁለተኛው ሮቢን ጄሰን ቶድ ይሙት፣ በሌላው ይኑር። ጥሪው 50 ሳንቲም ያስከፍላል። ይሙት ያለው 5,343፣ ይኑር ያለው 5,271፤ ልዩነቱ 72 ጥሪ። አንድ ሰው ደጋግሞ እንዳይደውል የሚከለክል ነገር ስላልነበረ «የአንባቢው ፍርድ» ማለት ይከብዳል። ልጁም በ2005 ተመልሷል።

«የዚያ ዘመን ኮሚክ የነጭ ወንዶች ብቻ ነበር»

በአብዛኛው ነበር፤ ብቻ ግን አይደለም። ከኬንያዊት እናት የተወለደችው ስቶርም ከ1980 ጀምሮ የዘመኑን ዋና ኮሚክ ጀግኖች፣ ኤክስ-ሜንን፣ መርታለች። በ1982 ካፕቴን ማርቬል የሚለው ስም ለሞኒካ ራምቦ፣ ለጥቁር ሴት፣ ተሰጥቷል። ከወረቀቱ ጀርባም ጄኔት ካን ዲሲን ትመራ፣ ሉዊዝ ሳይመንሰንና አን ኖሴንቲ ኤክስ-ሜንን ያርሙ ነበር።

«ድሮ ያስቀመጡት ኮሚክ ዛሬ ቤት ያስገዛል»

የአክስት ልጅ ጋራዥ ውስጥ የ1980ዎቹ ሳጥን ያገኘ ሁሉ ይህን ጥያቄ ይጠይቃል። መልሱ በአመዛኙ አይደለም ነው። ሱፐርማን በ1938 ብቅ ያለበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ስላረጀ ሳይሆን ስለጠፋ ነው። ልጆች አንብበው ቀደዱት፣ እናቶች ጣሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ወረቀት ለጦርነቱ ሲሰበሰብ ሄደ። የ1980ዎቹ ሰው ግን ይህን ዜና ሰምቶ ነበር፤ ገዝቶ በፕላስቲክ ከረጢት አሸገው። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር አይወደድም። ይህ ስሌት ጎልቶ የወጣው በቀጣዩ አስርት ዓመት ነው፤ በ1991 የወጣው «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ታትሞ ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል። የገበያው አረፋ ሲፈነዳ ብዙ ሱቅ ተዘጋ፤ ማርቬልም በታኅሣሥ 1996 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ።

ከሕጉ የሚያፈነግጡ አሉ። በ1984 ኬቨን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ ራሳቸው ያሳተሙት የኒንጃ ኤሊዎች ቁጥር 1 የመጀመሪያ ኅትመቱ 3,000 ያህል ብቻ ስለነበር ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ነገሩ ሲጀመር በሚለር «ዴርዴቪል» ላይ ለመቀለድ የተሠራ ነበር። የ1988ቱ «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቁጥር 300ም በባላንጣው በቬነም ምክንያት ይፈለጋል።

ሳጥኑ ካለዎት ግን ገንዘቡን ትተው ያንብቡት። አዲሱ እትም አለኝ፣ ያው ነው የሚሉ ተሳስተዋል። «ዘ ኪሊንግ ጆክ»ን እንውሰድ። በ1988 ጆን ሂጊንስ በወይን ጠጅና በብርቱካናማ ያሸበረቀው ሥራ በ2008 በሠዓሊው በብራያን ቦላንድ ራሱ በደበዘዘ ቀለም እንደ አዲስ ተቀብቷል። የሚቀናኝ የፊተኛው ነው፤ ልክ ያልሆነ ሕልም ይመስላል። በጥራዝ እትሞች ላይ የአሻንጉሊቱ ማስታወቂያም ሆነ የአንባቢያን ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ የዘመኑ ሐሜት ያለው እዚያ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ወረቀቱ ርካሽ ነውና በራሱ አሲድ ይቢጫል። ፀሐይና ሙቀት ያፋጥኑታል።

«ዘመኑን የፈጠሩት ሰዎች ሀብቱንም አገኙ»

አንዳንዶቹ አዎ፤ የሽያጭ ድርሻ መክፈል የተለመደው በ1980ዎቹ ነው። ግን የስፓይደርማንን ጥቁር ልብስ ያሰበው አንባቢ ከማርቬል የተከፈለው 220 ዶላር ነው። የማርቬልን ግማሽ ዓለም የሣለው ጃክ ከርቢ የገዛ እጁን ሥዕሎች ለማስመለስ ዓመታት ተሟግቶ በ1987 ያገኘው ከብዙው ጥቂቱን ነው።

የ«ዋችመን» ውል ደግሞ ለፈራሚዎቹ መልካም ይመስል ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ወጥቶ የተወሰነ ጊዜ ከቆየ መብቱ ወደ ሙርና ወደ ጊበንስ ይመለሳል ይላል። በ1986 ኮሚክ በጥራዝ ታትሞ ለዓመታት ይሸጣል ብሎ የጠበቀ ስላልነበረ ሁለቱም ብዙም ሳይቆይ የእኛ ይሆናል ብለው ፈረሙ። መጽሐፉ ግን በ1987 በጥራዝ ከወጣ ወዲህ ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም፤ መብቱም አልተመለሰም። ሙር ከዲሲ ጋር ተጣልቶ ወጣ። በ2009 የወጣው ፊልም ሲሠራ የእሱን ድርሻ ገንዘብ ለጊበንስ ስጡት፣ ስሜንም አንሱ አለ። በፊልሙ ላይ የተጻፈው የሠዓሊው ስም ብቻ ነው።