ቁልፉን አታዙሩ

አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ከከተማዋ ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች፣ የመጀመሪያው ጣቢያ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት፣ ቦታውን ያገኙት በአጋጣሚ አይደለም። ያው ነፋስ የስምጥ ሸለቆን ደቃቅ አቧራ ይዞ በየግቢው ይገባል። ከታጠበ ልብስ ላይ ያርፋል፣ ከረከቦት ላይ ያርፋል፣ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ለዓመታት ከቆመች መኪና ላይም ያርፋል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች መኪና ነው።

ሸራው ሲገለጥ የሚታየው ፎልስዋገን ወይም ላንድሮቨር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ መለዋወጫውም፣ የሚያውቀው እጅም አይጠፋም። የሚከብደው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት የተጠጋች፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ስትወጣ ነው። ለምሳሌ ፊያት 850 ስፓይደርን ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1965 በጄኔቫ አውደ ርዕይ የታየች፣ እስከ 1973 የተሠራች፣ መልኳን ጆርጄቶ ጁጃሮ በበርቶኔ ቤት ሳለ የነደፋት ጣሊያናዊት ናት። የመጀመሪያዋ 843 ሲሲ ሞተር ከኋላ ተቀምጦ 49 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ዛሬ 49 ፈረስ ያስቃል፤ ነገር ግን መኪናዋ ቀላል ናት፣ መሪዋም እንደ ብዕር ነው።

እሷን የመረጥኩት በሌላ ምክንያት ነው። የሞተሯ ዘር ከፊያት 600 ይመዘዛል። 600 ማለት ያቺ ሴይቼንቶ ናት፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባን ሰው ስታመላልስ የኖረችው ታክሲ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ገደማ ሲጨምር ሥራ ያቆሙት ባለታክሲዎች፣ የዘውዱን ሥርዓት ካናወጡት እንቅስቃሴዎች አንዱን የጀመሩት ከእነዚህ መሪዎች ኋላ ተቀምጠው ነው። እንግዲህ ስፓይደሯ ብርቅ ብትሆንም ለአገራችን መካኒክ ባዕድ አይደለችም። ሴይቼንቶ ሲፈታ ያደገ ሰው የእሷን ኮፋኖ ሲከፍት ዘመዷን ያያል።

ቋንቋውም ያግዘዋል። ጋራዥ ገብቶ ጆሮውን ለሰጠ ሰው ግማሹ ወሬ ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፓ። ታርጋውና ቦሎው ሳይቀሩ ከዚያው ናቸው። አንድ ቀን ጣሊያንኛ ተምሮ የማያውቅ ልጅ የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍ ገልጦ የሥዕሉን መግለጫ ግማሽ በግማሽ ሊረዳው ይችላል። ይህን ያህል ዕድል ለንደን ያለ መካኒክ የለውም።

መኪኖቹ እዚህ የደረሱበት መንገድ ረጅም ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ሲነሳ የምድር ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ አዋሽንና አዳማን አቋርጦ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር የመጣ አብዛኛው ዕቃ በዚህ ሸለቆ ያልፋል፤ ዛሬም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ያርፋል። በወንጂ የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. የስኳር ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲያስጀምር በሸለቆው የውጭ ባለሙያ መንደር ተቆረቆረ። ከአብዮቱ በኋላ ግን ነገር ተገለባበጠ። ባለቤት አገር ለቆ ሲሄድ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ወራሾች በሊብሬው ሲጣሉ መኪና ይቆማል። አንድ ክረምት ቆሞ ይውጣ የተባለ መኪና ሠላሳ ክረምት ያሳልፋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ስለ ፖሊሲው ጥሩነትና መጥፎነት እዚህ አልከራከርም፤ በሞጆ በኩል የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ጸጥታቸው ደስ ይላል። ለአሮጌ መኪና ወዳጅ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። ያሉት ያሉት ናቸው፤ ምትክ ከውጭ አይመጣም።

ታዲያ ሸራው ተነሳ እንበል። ሁሉም ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ አዲስ ባትሪ ያስራል፣ ቤንዚን ይጨምራል፣ ቁልፍ ያዞራል። እኔም አድርጌዋለሁ። የአጎቴን መኪና፣ ከአሥር ዓመት በላይ የቆመችውን፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳለ ላስገርመው ብዬ አስነሳሁ። ተነሳች፤ ጎረቤት አጨበጨበ። ለአንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ድንጋይ በብረት መጥበሻ ውስጥ የጣሉ ዓይነት። አጎቴ ሲመለስ ምንም አላለኝም፤ ብቻ ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

የሆነው ይህ ነው። ሞተር ሲቆም ሁሉም ቫልቮላ አይዘጋም፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ሲሊንደር አፉን እንደከፈተ ይቀራል። በዚያ በኩል እርጥብ አየር ይገባል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ የሸፈነው ስስ ዘይት ወደ ኮፓው ወርዶ ያልቃል፣ የፒስተኑ ፋሻ ከግድግዳው ጋር በዝገት ይጣበቃል። ለዚህ ነው ሲፈታ ሦስቱ ሲሊንደር እንደ መስተዋት አብረቅርቆ አራተኛው ቀይ ሆኖ የሚገኘው። በሞተሪኖ ጉልበት ሲጎተት የተጣበቀው ፋሻ ይሰበራል፤ ስብርባሪው ግድግዳውን ያርሰዋል። በአንድ ጠብታ ዘይት የሚድን ሞተር ቶርኖ ቤት ይገባል።

ስለዚህ መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ። በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ይጠበቃል። አንድ ሳምንት ብዙ አይደለም። ከዚያ ፑሊው ላይ ቁልፍ አግብቶ በእጅ፣ በሚሊ ሜትር ወደፊትም ወደኋላም ማሸት ነው። እምቢ ካለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅሎ መጨመር የዓለም መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው መላ ነው፤ ከእሳት ይራቅ እንጂ። ጉልበት የጨመረ ሰው ይሸነፋል። እጅ ላይ ሳይከብድ ሙሉ ዙር ከዞረ በኋላ እንኳ ገና ነው። ኮፓው ወርዶ ከሥሩ የረጋው ጥቁር ዝቃጭ ይታጠባል። በሴይቼንቶና በ850 ሞተር ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የዘይት ማጣሪያው እንደ ዛሬው የወረቀት ቆርቆሮ አይደለም፤ ክራንኩ ጫፍ ያለው ፑሊ ራሱ ነው። ሲሽከረከር ቆሻሻውን ወደ ውስጠኛ ጠርዙ እየወረወረ ይይዘዋል። ዓመታት ያለፈው ፑሊ ሲከፈት ውስጡ እንደ ደረቀ አተላ ጠንክሮ ይገኛል። ይህን ሳይከፍት አዲስ ዘይት የሚጨምር መካኒክ ልብስ ሳያጥብ ሽቶ እንደሚረጭ ሰው ነው።

የስምጥ ሸለቆ አየር ለዚህ ሥራ አንድ እጁን ይሰጣል፣ በሌላው ይነጥቃል። ደረቅ ስለሆነ ላሜራ ይቆያል፤ በባሕር ዳርቻ ከተማ አምስት ዓመት የማይቆይ ወለል እዚህ ሠላሳ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ጎማ የሆነን ነገር ግን አይምርም። ፀሐዩና ሙቀቱ የመስታወት ልባሱን፣ የራዲያተር ቱቦውን፣ ቺንጋውን፣ የፍሬኑን ጎሚኒ እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል። ጎማው ገጽ ላይ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገር ቁጥር አለ፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ አራት አሃዝ ነው። ሦስት አሃዝ ካያችሁ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም መኪናዋን ከቦታ ለማንቀሳቀስ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ሸራም ቢሆን ዓይነት አለው። አየር የማያሳልፍ ፕላስቲክ የሐምሌን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጨርቅ ይሻላል።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው ማስተሩንና የጎማ ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ይበላል። ፔዳሉ ቢጠነክርም አትመኑት። ሁሉም ወርዶ፣ ጎሚኒው ሁሉ ተለውጦ፣ አዲስ ዘይት ይገባል። ስፓይደሯ ከፊት ዲስክ አላት፤ ፒስተኖቹ ከተጣበቁ ቀስ ብሎ በዘይት ግፊት ማስወጣት ነው፣ በመዶሻ አይደለም።

ነዳጁ የራሱ ታሪክ አለው። ያኔ የተሠሩ ሞተሮች የታሰቡት እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚን ነበር። እርሳሱ መርዝ ነው፤ ከአፍሪካ ከሰሃራ በታች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መባቻ ወጥቷል፣ ደግ ተደረገ። ነገር ግን የቫልቮላውን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ስለነበር፣ ቴስታታው ሲወርድ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ብልህነት ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ከኤታኖል ጋር ሲቀላቀል፣ ያም ኤታኖል ከስኳር ፋብሪካ ሲመጣ፣ የአሮጌ ካርቡራተር ባለቤቶች ሌላ ነገር ተማሩ። ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮውን የጎማ ቱቦ ያሟሟል። ታንኩ ውስጥ የቀረው የዱሮ ቤንዚን ግን ከሁሉ የባሰ ነው። ሽታው እንደ ቫርኒሽ ይሆናል፣ የካርቡራተሩን ጂግለሮች በቡናማ ሙጫ ይደፍናል። ከወጣ በኋላ ታንኩ በውስጡ ጠጠርና ሳሙና ተጨምሮ ሲንቀጠቀጥ የሚወጣውን ዝገት ያየ ሰው ለምን ቁልፍ አታዙሩ እንዳልኩ ይገባዋል።

ሌላው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በየ100 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስለሆነች 49ኙ ፈረስ ወደ 41 ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ38 አይበልጥም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ጂግለሩን አነስ ማድረግ ይገባል። ከአዳማ ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ሞተሩ ነፍስ ሲዘራ ይሰማዋል፤ ሙቀቱ ግን ይጠብቀዋል። ሞተሯ ከኋላ ለሆነ መኪና የራዲያተር ንጽሕና እዚያ ነፍስ ነው።

ቀለምና ላሜራ ላይ የእኔ አቋም ከብዙ ባለጋራዥ ይለያል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ባትላሜራና ቀለም ቀቢ ነው፤ መኪናዋ ሳትነሳ ታብረቀርቃለች። እኔ በመጨረሻ እላለሁ። ማግኔት ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፓራፋንጎው ላይ ብታሳልፉ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ወፍራም ስቱኮ ካገኛችሁ ከሥሩ ቀዳዳ አለ። ጎበዝ ባትላሜራ ከጠፍጣፋ ላሜራ ክብ ፓራፋንጎ በመዶሻና በአሸዋ ከረጢት ማውጣት ይችላል፤ በአገራችን ዋጋው እንደሚገባው ያልተነገረለት ሙያ ነው። ፋብሪካው የቀባው ቀለም ካለ ግን ደብዝዞም ቢሆን ባይነካ እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ውጭ አገር ሁለት ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከማጆሬ ሐይቅ ሥር የወጣው ቡጋቲ፣ ከ70 ዓመት በላይ ውሃ ውስጥ የቆየው፣ እንደዛገ ሙዚየም ገባ። በ2014 ፈረንሳይ ውስጥ በአንድ እርሻ መጋዘን 60 ያህል መኪኖች ተገኙ፤ ከእነሱ አንዱ፣ መጽሔት ተከምሮበት የነበረ ፌራሪ፣ አቧራው ሳይራገፍ በ2015 ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጣ። ያ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ አዳማ ውስጥ አቧራ የሚገዛ የለም፣ ነፋሱ በነፃ ያመጣዋል። የጃንሆይ መኪኖች ብሔራዊ ቤተ መንግሥት በሙዚየምነት ለሕዝብ ሲከፈት ለዕይታ ቀርበዋል፤ እነሱ ጠባቂ አላቸው። ጓሮ ያለችው ግን መንገድ ካልወጣች ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መሆኗ አይቀርም።

ወረቀቱም ሥራ ነው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ ሞተር ከተለወጠ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ምርመራ ላይ ያስቆማል። ባለቤቱ ከሞተ የውርስ ማረጋገጫ ይቅደም፤ ብር ከወጣ በኋላ የሚመጣ ወንድም ብዙ ነው።

እንግዲህ በእናንተ ወይም በጎረቤት ግቢ፣ አዳማም ይሁን መቂ ወይም ባቱ፣ ሸራ ለብሳ የቆመች ካለች ዛሬ ማታ ባትሪ ተሸክማችሁ አትሂዱ። ካንዴላ መፍቻና አንድ ብርጭቆ ቀጭን ዘይት ያዙ። አራቱን ካንዴላ ፍቱ፣ በየቀዳዳው ሁለት ሁለት ማንኪያ ጨምሩ፣ ሸራውን መልሱና የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጠብቁ።