ምናባዊ እውነታና የሥራ ቦታ የእሳት አደጋ ልምምድ

በሥራ ቦታ የሚካሄደው የእሳት አደጋ ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ እሳትም ጭስም የሌለበት ነው። ደወሉ ይደወላል፤ ሠራተኛው በለመደው ደረጃ ወርዶ በግቢው ይሰለፋል፤ ስሙ ተጠርቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። መንገዱ ቢዘጋ ምን ማድረግ እንደሚገባው ግን አልተማረም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2012 ከዳካ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የታዝሪን ፋሽንስ ልብስ ፋብሪካ እሳት የተነሣው ጨርቅና ክር ከተከማቸበት ምድር ቤት ነበር። ደወሉ ሲሰማ አንዳንድ ኃላፊዎች ሠራተኞቹን ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አዘዙ። ደረጃዎቹ በሙሉ የሚያመሩት ወደዚያው ምድር ቤት ስለ ነበር የዘገዩት መውጫ አጡ፤ ቢያንስ 112 ሰዎች ሞቱ። የሕንፃው ጉድለት በሥልጠና አይታረምም። ደወል ሰምቶ ወዲያው መነሣት ግን የሚሠለጥኑበት ነገር ነው፤ ለአለቃውም ጭምር።

ምናባዊ እውነታ ወይም ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው መሣሪያ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ዓይንን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ኮምፒዩተር የሚሠራውን ሥዕል የሚያሳይ ሲሆን፣ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ሥዕሉም አብሮ ይለወጣል። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳየው ቀዳሚው መሣሪያ ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የዛሬው እንደ መነጽር ይጠለቃል። ሠልጣኙ በጭስ የተሞላ ኮሪደር ያያል። በአደጋ ጊዜ ሰው ወደ ገባበት በር የመመለስ ዝንባሌ ስላለው፣ ያ በር ታፍኖ ሲያገኘው ሌላ መውጫ ለመፈለግ ይገደዳል። ከደወሉ በኋላ ስንት ሴኮንድ እንደ ዘገየና የትኛውን በር እንደ መረጠ ይመዘገባል። አሠልጣኙ ከሠልጣኙ ጋር በዚህ መዝገብ ላይ የሚያደርገው ውይይት ከሥዕሉ ይልቅ ያስተምራል።

ሆኖም መነጽሩ የእሳቱን ወላፈን አያሰማም፤ የእሳት ማጥፊያውንም ክብደት በክንድ ላይ አያሳርፍም። መቆለፊያውን ፒን መንቀልና ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር በእውነተኛው ዕቃ ካልተለማመዱት እጅ አይለምደውም። አንዳንዱንም ሰው ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ስለዚህ መሣሪያውን የገዛ ድርጅት የግቢ ልምምዱን ቢያስቀር ከመጀመሪያው ይከፋል።

መሣሪያው በሌለበት የሙያ ትምህርት ቤት የልምምዱን ዋና ቁም ነገር በቀላሉ ማግኘት ይቻላል። መምህሩ አስቀድሞ ሳያሳውቅ ዋናውን ደረጃ «እሳት» የሚል ጽሑፍ ባለበት ሰሌዳ ይዘጋል፤ ከደረጃው አጠገብ አንድ ጠባቂ ያቆማል፤ ደወሉን ያስደውላል፤ ከዚያም ሰዓቱን ይዞ ማን መጀመሪያ እንደ ተነሣ፣ ማን ወዴት እንደ ዞረ ይመዘግባል።